የግድቡ ቀን

«ዜና፣ ያ ውሃ በአሥራ ዘጠኝ ነው አይደል የሚለቀቀው?» አለች ቀጮ፣ የዳቦዋን ግማሽ ለጓደኛዋ እያቀበለች።

የእረፍት ደወል መደወሉ ነበር። በዚህ ክፍል ልጅቷን በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ስም ጠሪው መምህር ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ዜና» ናት። አባቷ በከተማው አስተዳደር የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ስለሚሠራ፣ ውሃ ሲጠፋም መብራት ሲጠፋም መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ናት። አንዴ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ የጠየቃት ልጅ ነበር። የምሩን ነው የጠየቃት።

«የትኛው ውሃ?»

«የግድቡ ነዋ! በከተማው የፀደይ ልሳን ላይ የወጣው። አያቴ ወረቀቱን በራችን ላይ ለጥፋዋለች። እስከ አሥራ ስምንት ሽንኩርቱን ነቅለን ፓምፑን ከወንዙ ዳር እናወጣለን ብላለች። እስከዚያ ውላ የምታድረው እዚያው ወንዙ ዳር ባለችው ጎጆዋ ውስጥ ነው፤ ፓምፑን ሌባ ይወስድብኛል ብላ። እኔም ቅዳሜ ለነቀላ ታዝዣለሁ። ሽንኩርቱ ከመነቀሉ በፊት ወገቤ ይነቀላል።»

ዜና ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልመጣም። አሥራ ዘጠኝ። ይህን ቁጥር የምታውቀው ከዘንድሮ ወረቀት አይደለም። ከአምናው ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ክፍለ ጊዜያት መምህራኑ ምን እንዳስተማሩ ብትጠየቅ አትመልስም።

አስተዳደሩ በየዓመቱ ለነዋሪው የሚበትነው የፀደዩ ልሳን የሚዘጋጀው እንዲህ ነበር፦ የአምናው ይከፈታል፤ ቀኑ ይቀየራል፤ ይታተማል። አባቷ በዚያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ሌላ ዘዴ አላየም። የከንቲባው መልእክት «ዘንድሮ ከመቼውም ጊዜ በላይ» ብሎ ይጀምራል። በዚሁ መልእክት ሥር ሦስት ከንቲባዎች በየተራ ፈርመዋል፤ ቅር ያለው ሰው የለም። የውሻ ክትባት፣ የችግኝ ተከላ፣ የቆሻሻ መኪናው የሚያልፍባቸው ሰፈሮች፣ የሚጠገነው መንገድ፤ መንገዱ ራሱ በየዓመቱ ያው መንገድ ነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ የተለወጠው አንድ ነገር ነው። የአባቷን ዓይን ሞራ እየጋረደው መጥቶ፣ አሁን በግራው ብርሃን ብቻ ያያል፤ በቀኙ ደግሞ የሰው ቅርጽ እንጂ ፊደል አይለይም። የቀዶ ጥገና ቀጠሮው ገና አራት ወር ይቀረዋል። መሥሪያ ቤት የሚያውቅ የለም። «ካወቁማ መጋዘን ጥበቃ ላይ ያስቀምጡኛል» ይላል። «እሱም ቢሆን ማየት ይጠይቃል።» ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ ቤት ይመጣል፤ እሷ ታነባለች፣ እሷ ትጽፋለች፤ እሱ በቃሉ ይዞ ያድራል። ጠዋት ስብሰባ ላይ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ሲናገር፣ እንደ እሱ አጥርቶ የሚያነብ የለም ይባላል።

ከአሥር ቀን በፊት፣ ልሳኑን ሲጨርሱ፣ አባቷ «የግድቡንስ ቀየርሽው? ደብዳቤው ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ቦርሳዬ ውስጥ አለልሽ» ብሏት ነበር። በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበረባት። ዓይኗ ደብተሯ ላይ ነበር።

«አዎ» አለች።

ቦርሳውን አልከፈተችውም።

ትምህርቷ የጠዋት ፈረቃ ነበር። እንደተለቀቀች እየሮጠች ቤት ደረሰች። አባቷ ለምሳ መጥቶ፣ ሳህኑን በጣቱ ጫፍ እየፈለገ ይበላ ነበር።

«ምነው፣ እሳት ተነሳ እንዴ?» አለ በእርምጃዋ ድምፅ።

ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አንስታ ፖስታውን አወጣች። አልተቀደደም። ቀደደችው። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ የግድቡ በር በወሩ በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሚከፈት፣ በወንዙ ዳር ያሉ ነዋሪዎች ሰውም ንብረትም እንዲያነሱ ይነገራቸው ይላል። ያ ዕለት ራሱ ሰባት ነበር።

«አባዬ» አለች። «የግድቡን አልቀየርኩትም።»

«ምን?»

«ቀየርሽው ወይ ስትለኝ አዎ ያልኩህ ሳላይ ነው። የወጣው የአምናው ቀን ነው። የዘንድሮው ከነገ ወዲያ ነው።»

አባቷ ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሳይቆጣት ቀረ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ስንት ቅጂ ነው የተበተነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት ሺህ።»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ተነሳ። «ተቀመጪና እርማት ጻፊ። አጭር ይሁን። ከዚያ ሁለቴ አንብቢልኝ።»

ጻፈች። ሁለቴ አነበበችለት። በሦስተኛው እሱ ራሱ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ደገመላት። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄዱ መንገድ ላይ ክንዷን አልያዘም። አጠገቧ እየሄደ በጥላዋ ይመራል፤ ከሩቅ የሚያየው ሰው ልጁን የሚሸኝ አባት ነው የሚመስለው።

የክፍሉ ኃላፊ ከዜና አባት በዕድሜ ታንሳለች፤ «ጋሼ» እያለች ነው የምታከብረው። ነገሩን ስትሰማ ግን «ጋሼ» ማለቱን ረሳችው።

«አሥራ ዘጠኝ? ሰው እኮ ነው እዚያ ያለው! እንዴት አለፈዎት?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አባቷ። ዜና ጫማዋን አየች።

ኃላፊዋ እርማቱን ተቀብላ ወደ ግድቡ ደወለች። «እሺ… እሺ… ገባኝ… እሺ» ብቻ ነው ያለችው። ስልኩን ሳትዘጋ በቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ጫር ጫር አደረገችና ወደ አባቷ ገፋችው። «አስተካክዬዋለሁ። ያንብቡልኝና ሞንታርቦው ይውጣ።»

ይህ የቢሮው ደንብ ነው። አንድ ጊዜ «ባለ ውሾች ይከተባሉ» ተብሎ ተለፍፎ አራት ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ከመጣ ወዲህ፣ ማንኛውም ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ከመነገሩ በፊት አዘጋጁ በኃላፊዋ ፊት ጮክ ብሎ ያነበዋል። ከዚያ ሞንታርቦ በተጫነባት መኪና ተቀምጦ ሰፈር ለሰፈር የሚናገረውም እሱ ራሱ ነው።

አባቷ ወረቀቱን አነሳ፤ በትክክለኛው ርቀት ያዘው፤ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚህ መሃል ሌላኛው ስልክ ጮኸ። ከንቲባው ነበሩ። ኃላፊዋ ለንባቡ ግማሽ ጆሮዋን ብቻ ትታ ስልኩን አነሳች።

«ውድ የከተማችን ነዋሪዎች» አለ አባቷ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ «የግድቡ በር ከነገ ወዲያ፣ በወሩ በዘጠነኛው ቀን…»

ዜና ከጎኑ ቆማ ወረቀቱን ታያለች። ከ«ከነገ ወዲያ» ጀምሮ ያለው ቀንና ሰዓት በቀይ ተሰርዟል። ከላዩ ላይ «ነገ በ8፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ውሃው ከታሰበው በላይ ሞልቷል» ተብሎ ተጽፏል።

አባቷ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ ጨረሰ።

ኃላፊዋ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና «ጥሩ፣ ይሂድ፣ ይሂድ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ከውጭ የመኪናዋ ሞተር ሲነሳ ይሰማል። የአባቷ ግንባር አልቦታል፤ ፊቱ ግን ፈታ ብሏል።

«እንዴት ነበርኩ?»

«አባዬ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም ያነበብከው። ቀይራዋለች።»

ፈገግታው ከፊቱ ሳይወርድ ደረቀ። ወደ በሩ ዞረ፤ ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ምን ብላ ነው የቀየረችው? ቶሎ በይ። አንዴ ብትነግሪኝ ይበቃኛል።»

ይበቃዋል። ይህን ታውቃለች። አንድ ትንፋሽ ነው። ነግራው መኪናዋ ውስጥ ይገባል፣ «ከነገ ወዲያ» ያለውን «ነገ» ይላል፣ የቀጮ አያትም ፓምፗን ይዛ ትወጣለች፤ ማንም ምንም አያውቅም። ነገ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል፤ ኃላፊዋ ሌላ ነገር በቀይ ትጽፋለች፤ ያን ጊዜ እሷ ትምህርት ቤት ናት፤ የሚያነብለት የለም። ያ «አዎ» ያለችውም አንድ ትንፋሽ ነበር።

«አልነግርህም፣ አባዬ» አለች።

«ልጄ…»

«አልነግርህም።»

ወረቀቱን ከእጁ ስባ አልወሰደችም፤ እጇን ዘርግታ ቆመች። ሞተሩ ውጭ ያጉረመርማል። በመጨረሻ የአባቷ ጣቶች ላሉ፤ ወረቀቱን ለቀቀላት።

በሩን አንኳኳች።

«ደግሞ ምን ቀረ?» አለች ኃላፊዋ፣ ስልኩን እያስቀመጠች።

«ቀኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ዜና። «ልሳኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የእሷ አልነበረም። ዘወር ብላ አባቷን አየችውና ጠበቀች። እሱ በሩ መቃን ላይ እጁን አስደግፎ ቆሟል።

«ዓይኔ ፊደል አይለይም» አለ። «ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ያነበብኩልዎት በቃሌ ነው፤ እርስዎ የጻፉትን አላየሁትም።»

ኃላፊዋ አባቷን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ የግድግዳውን ሰዓት አየች። የምትለው ብዙ ነበራት፤ ከፊቷ ይነበባል። ያስቀደመችው ግን ሌላ ነው።

«ይህን ጽሕፈት ታነቢዋለሽ?»

«አነበዋለሁ።»

«በይ ሂጂ። ከወንዙ ዳር ጀምሩ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። አባቷ ነገ የት እንደሚውል አታውቅም።

ሾፌሩ በጋሼ ፈንታ ልጅቷ ስትገባ አያት። ማጉያውን አቀብሏት፣ «ቀስ እያልሽ፣ እሺ? ስትቸኩይ እዚያ ታች የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው» አላት።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ መኪናዋ ቆመች። ሰዎች ከማሳው ውስጥ ቀና ቀና አሉ። ሾፌሩ «ጀምሪ» አለ።

«ቆይ» አለች ዜና። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገች። ድምፅ ሳታሰማ ቃል በቃል እስከ ታች አነበበችው፤ ቁጥሮቹ ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ማጉያውን ከፈተችው።