አርባ ሰባተኛው ብየዳ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹን ከቦዩ አውጥተው ሸራ አልብሰውታል። የገደለው የብረት ቱቦ ግን እዚያው ጭቃው ውስጥ እንደተጋደመ ነው። የጠዋቱ ዝናብ መሬቱን ስላራሰው ክሬኑ መጠጋት አልቻለም፤ ሠራተኞቹ ከሥር ቆፍረው ነው ሰውየውን ጎትተው ያወጡት።

ሟቹ የብየዳ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። አንድ ብየዳ ካልጣመው በቢጫ ጠመኔ «ይቆረጥ» ብሎ ይጽፍበታል፤ የስንት ሰው ልፋት በዚያች ቃል ገደል ይገባል። ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ «መጋዝ» ነበር የሚሉት።

«በምሳ ሰዓት ብቻውን ወርዶ ነው፤» አለ የቡድኑ አለቃ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ። «አፈሩ ከዳው፣ ቱቦው ተንከባለለበት። ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

መርማሪዋ ቦዩ አፋፍ ላይ ቁጢጥ አለች። ቱቦው አርፎባቸው የነበሩት ጣውላዎች ንቅንቅ አላሉም። ቱቦውን ሰንጎ ይይዝ የነበረው ሽብልቅ ግን ሦስት እርምጃ ርቆ ወድቋል፤ ጎኑ ላይ አዲስ የመዶሻ ምት ይታያል።

«አፈር መዶሻ አያነሣም፤» አለች ብድግ ብላ።

በምሳ ሰዓት ከመመገቢያው ድንኳን የጠፉት ሦስት ሰዎች ነበሩ። በያጁ ጭነት መኪናው ውስጥ ተኝቼ ነበር አለ፤ የክሬኑ ሹፌር ከወንበሩ አልወረድኩም፣ አለቃው ደግሞ ቢሮ ነበርኩ። አየሁ የሚል ምስክር አልተገኘም።

«መጋዝ ሞተ ብሎ የሚያለቅስልሽ እዚህ አታገኚም፤» አላት በያጁ፣ ዓይኖቹ ደም መስለው። «ቱቦውን የበየድኩት እኔ፣ ስለዚህ ገዳዩም እኔ! በይ ጻፊው!»

«ዛሬ ምን አጣላችሁ?»

«ዛሬ እንኳ አልተጣላንም። አለቃው ትናንት በዝናብ በይድ ሲለኝ አርባ ሰባተኛውን እንደምንም ጨርሻለሁ። መጋዝ ገና አላየውም። ጠዋቱን ሙሉ የራሱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እርጥብ ብረት ላይ ጠመኔ መች ይጽፋል?»

የክሬኑ ሹፌር በበኩሉ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙሮ ነው ያናገራት።

«ሟቹ የእህቴ ባል ነው። ሦስት ዓመት ተኳርፈን ቆይተናል፤ ያስጠረጠረኝም ይሄ ይሆናል። ግን እህቴን በገዛ እጄ ጥቁር አላለብሳትም።»

«ዝናቡ መቼ አባራ?»

«ልክ የምሳው ደወል ሲደወል።»

አለቃው ቢሮው በር ላይ ነበር የጠበቃት።

«እኔ ከጠዋቱ ስብሰባ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። እንደኔ እንደኔ ግን በያጁን አይልቀቁት። አርባ ሰባተኛው ይቆረጥ ሲባልበት ጊዜ ደሙ ፈላ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች።

አሥር ሰዓት ገደማ መሬቱ ጠነከረ። ሁሉንም ቦዩ ዳር ሰበሰበቻቸውና ክሬኑ ቱቦውን እንዲያነሣ አዘዘች። ሰንሰለቱ ተንቋቋ፤ ብረቱ ጭቃውን እያንጠባጠበ ተነሣ። በሥሩ በኩል ግማሹ የተሻሸ ቢጫ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «47 ይቆረጥ»።

«ይቆረጥ ብሎበታል እንዴ?» አለ በያጁ ክው ብሎ።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤» አለች መርማሪዋ። «ጠመኔ እርጥብ ብረት ላይ አይጽፍም። ዝናቡ ያባራው በደወሉ ነው። ስለዚህ ይሄ የተጻፈው በምሳ ሰዓት፣ ሰውየው ቦዩ ውስጥ ቆሞ ከጎን ሲያየው ነው። ወዲያው ቱቦው ተንከባለለ፤ ጽሑፉ ወደ ምድር ዞረ። ከዚያ እስካሁን ማንም አላየውም። የበየደው ሰውዬ ራሱ ይቆረጥ መባሉን ያወቀው አሁን ነው።» ወደ አለቃው ዞረች። «እርስዎ ግን ቱቦው ሳይነሣ ነገሩኝ። ሟቹን ከጠዋት ወዲህ ካላዩት፣ ማን ነገረዎት?»

አለቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ከአጠገቡ ሸሹ።

«አንዱን ብቻ መሰላችሁ?» ብሎ ጮኸ በመጨረሻ። «በዝናብ አስበይደህ የቀበርከውን ሁሉ አስቆፍራለሁ አለኝ! ሥራዬን ሊያሳጣኝ! መዶሻው እጄ ላይ ነበር…»

በያጁ ሊያንቀው ሲንደረደር ሁለት ፖሊሶች መሐል ገቡ።

በሳምንቱ መሬቱ ተቆፈረ። በዝናብ ከተበየዱት ሃያ ሁለት መጋጠሚያዎች ዘጠኙ ተሰንጥቀው ተገኙ። በዚያ ቱቦ ሊያልፍ የነበረው ጋዝ ነው፤ ከመስመሩ በታች ደግሞ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አሉ።

በዚያ ቀን ግን ይህን ገና ማንም አያውቅም ነበር። የክሬኑ ሹፌር ማሽኑን አጥፍቶ ወረደና መርማሪዋ ፊት ቆመ።

«ለእህቴ ተነግሯታል?»

«ገና ነው። ሰው ልልክ ነበር።»

«አይላኩ። እኔ እነግራታለሁ።»

ጓንቱን አውልቆ፣ አስከሬኑ ከተጫነበት መኪና ኋላ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።