የተሰፋው ኪስ

የአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት ከሕክምና ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። የተማሪዎቹን ነጭ ጋዋን የምሰፋው እኔ ነኝ። እሱ መጀመሪያ የመጣው ክርኑ ላይ የተቀደደ አሮጌ ጋዋን ይዞ ነበር።

«ስንት ነው?» አለኝ።

«ዶክተር ስትሆን ትከፍለኛለህ።»

«እንግዲያው ዕድሜሽ ይርዘም።»

ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ሲወጣ እየጠበቀ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ይሸኘኝ ጀመር። እጆቹ ግን ከጋዋኑ ኪስ አይወጡም። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እጄን አልያዘኝም።

«ኪሱ ውስጥ ምን ደብቋል? ሚስት?» ትላለች አክስቴ።

እልህ ያዘኝ። አንድ ቀን ቁልፍ እንድተክልለት ጋዋኑን ትቶልኝ ሲሄድ ሁለቱንም ኪሶች በመኪና ሰፍቼ ዘጋኋቸው። በማግሥቱ ሲለብሰው እጆቹ ጨርቁ ላይ ተንሸራተቱ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ተይ፣ ፍቺልኝ።»

«መጀመሪያ እጅህን ስጠኝ።»

በሩን ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ዘረጋልኝ። ቆዳው ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፤ ኃይለኛ የመድኃኒት ሽታ አለው።

«ጠዋት ጠዋት አስከሬን አጥባለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባቴ ከሞተ ወዲህ ለትምህርቴ የምከፍለው በዚህ ነው።»

እሳት እንደነካው ሰው እጄን ሰበሰብኩ። ሳላስበው ነው። እሱ ግን አየ።

መቀስ አነሳሁና የኪሶቹን ስፌት ፈታሁለት። ይቅርታ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለኝ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ። እጆቹን ወደ ኪሱ መለሰ።

መምጣቱን አልተወም፤ ግን ራቅ ብሎ ይቆማል። «እጅህን አምጣ» ለማለት ድፍረት ሳጠራቅም ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ የእጅ ቅባት ገዝቼ ጠበቅሁት። አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አብሮት የሚኖረው ልጅ ጋዋኑን አጣጥፎ ይዞ መጣ።

አስከሬን ሲያጥብ ጣቱን የተሰበረ አጥንት ወግቶት ኖሯል። ቢናገር ከሥራ ያስቀሩታል፤ የመንፈቁ ክፍያ ደግሞ ገና አልሞላለትም። በጨርቅ አስሮ ኪሱ ውስጥ ደበቀው። በዚያ ሁሉ ሐኪም ለመሆን የሚማር ሰው መሃል ተቀምጦ፣ ያበጠ እጁን ያየለት አልነበረም። እኔም አላየሁም። ቁስሉ ደሙን ከመረዘው በኋላ የቆየው ሁለት ቀን ነው።

«ማን አጠበው?» አልኩት ልጁን።

«አብረውት የሚሠሩት ሽማግሌ። እጁን ሦስት ጊዜ አጠቡለት።»

ዛሬም ጋዋን እሰፋለሁ። ተማሪ ሲመጣ ሜትሬን ይዤ «እስቲ እጅህን» እላለሁ። ለልክ ይመስላቸዋል። መዳፋቸውን ገልብጬ፣ ጣት በጣት አይቼ፣ ከዚያ በኋላ ነው ኪሱን የምሰፋላቸው።

ስንቱን እጅ ያዝኩ።