የሕዋ ፀሐይና የጉና ጤና ኬላ

መምህር ምሕረትአብ በደብረ ታቦር በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ያስተምራል። በዚያ ዓመት ልቡን የወሰደው አንድ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ሳይንቲስቶች ከምድር ርቀው፣ በሕዋ ላይ፣ ግዙፍ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ያጠናሉ። እዚያ ደመና የለም፤ ፀሐይዋም ጠልቃ አትጠፋም ማለት ይቻላል። የተሰበሰበው ኃይል በሞገድ ወደ ምድር ይላካል። ምሕረትአብ ይህንን ለከተማው ሕዝብ እንዲያስረዳ ስለተጋበዘ፣ ሥዕል ሲስልና ስሌት ሲያሰላ ይውል ነበር።

ፈንታነሽ የደወለችለት በዚህ መሐል ነው። ፈንታነሽ ጉና ተራራ ላይ ባለች ጤና ኬላ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የኬላዋን የክትባት ማቀዝቀዣ የሚያሠራውን ሶላር የተከለው ምሕረትአብ ነበር፤ ሲበላሽ መጥቶ ሊያየውም ቃል ገብቷል። ማቀዝቀዣው አንዴ እየሠራ አንዴ እየቆመ እንዳስቸገራት ነገረችው። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አላት፤ አልሄደም። ከወር በኋላ ስትደውል ንግግሩ እንደደረሰበት ነገራት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ስሟን አይቶ ስልኩን ሳያነሣው ቀረ።

ንግግሩ አማረለት፤ አዳራሹም አጨበጨበ። መጨረሻ ላይ ሊድያ የምትባል ተማሪው ተነሣች።

«መምህር፣ እዚያ ላይ አንድ ነገር ቢላላ ማን ያጠብቀዋል?»

ሮቦቶች ወዲያው ደርሰው እንዲጠግኑት እንደታሰበ ያብራራላት ጀመር። እያብራራ ሳለ ያላነሣው የፈንታነሽ ስልክ ትዝ አለው።

በማግስቱ ጉና ወጣ። የባትሪው ሽቦ ዝጎ ላልቶ ነበር። ዝገቱን ጠርጎ አጥብቆ አሰረው፤ ሥራው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ፈንታነሽ ግን ክትባቱ ተበላሽቶ ከተጣለ ሁለት ወር እንዳለፈው፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው ሳያስከትቡ እንደተመለሱ፣ ከዚያም ቀበሌው ውስጥ ኩፍኝ እንደገባ ነገረችው።

ይህን ስትነግረው ብርቱካን የምትባል ገበሬ ልጇን ይዛ ደረሰች። ልጅቱ ሁለት ዓመት አይሞላትም። ኩፍኙ ሕይወቷን ቢተውላትም አንድ ዓይኗን አጥፍቶታል። ብርቱካን ሰውየው ሶላሩን ሊጠግን እንደመጣ ስትሰማ እጅ ነሣች።

«እግዜር ይስጥልን፤ ለእኛ ብለው ከከተማ ድረስ ደከሙ» አለችው።

ፈንታነሽ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ምሕረትአብ ዝም ቢል የሚያጋልጠው አልነበረም።

«አታመስግኚኝ እህቴ» አላት። «ማቀዝቀዣው ገና ማስቸገር ሲጀምር ፈንታነሽ ነግራኝ ነበር። ችላ ብዬ ነው የቀረሁት።»

ብርቱካን ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። «እኔ ሁለት ጊዜ መጥቼ ተመልሻለሁ» አለች። «ሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበር።» ምሕረትአብ ይቅር በይኝ ሳይላት ወደ ከተማ ተመለሰ።

ምሕረትአብ ዛሬም ስለ ሕዋው ማመንጫ ያስተምራል። ነገር ግን በየወሩ ተማሪዎቹን ይዞ በየጤና ኬላው ሶላር ሲፈትሽ ይውላል። ለትልቅ ነገር መጓጓት ነውር የለውም። ነውሩ እመጣለሁ ያልነውን ሰው ደጅ እያስጠናን መጓጓታችን ነው። እንዲህ የሚጠብቀን ሰው ያለን ሁሉ ነገ ሳንል እንሂድ።

ብርቱካን ከልጅቱ በኋላ የተወለደውን ትንሹን ልጇን አስከትባለች። ምሕረትአብን ስታገኘው ሰላም ትለዋለች። ልጅቱም እሱን ለማየት ደህናው ዓይኗ ባለበት በኩል ፊቷን ታዞራለች።