ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው መኪና

የጥርስ ሐኪሟ ያቺን መኪና ገዝታ የመጣች ዕለት፣ እናቷ ዙሪያዋን ዞረው አዩና እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ። ጥቁር ሰማያዊ፣ መሬት ልትነካ የደረሰች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ስፖርት መኪና ነበረች።

«ልጅ ስትወልጂ የት ልታስቀምጪው ነው? ጣራው ላይ?»

«መጀመሪያ አባቱ ይገኝ እንጂ፣ እማዬ።»

«አባቱማ ይቺን ሲያይ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው!»

ሐኪሟ ሳቀች። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ በሰው አፍ ውስጥ ስትሠራ ነው የምትውለው፤ ወደ ክሊኒኳ ደስ ብሎት የሚመጣ ሰው ደግሞ የለም። ከሥራ ወጥታ መሪውን ስትጨብጥ ግን ትከሻዋ ይፈታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁን እየታከከ የሚጠማዘዝ መንገድ አለ። ኩርባው ጋ ስትደርስ ማርሽ ትቀንሳለች፤ ስትወጣ ነዳጅ ትሰጣለች፤ መኪናዋም የልቧን ያወቀች ይመስል ትወነጨፋለች። ያኔ ብቻዋን ከት ብላ ትስቃለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከክሊኒኩ ስትወጣ፣ አንድ ረጅም ሰው ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኮ አገኘችው። ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ ደፍቷል፤ በእጁ ማይክሮፎን ይዟል።

«ምን ጠፋብህ፣ ወንድሜ?»

ሰውዬው ደንግጦ ብድግ አለ። «ይቅርታ፣ የእርስዎ ናት? ሬዲዮ ጣቢያ ነው የምሠራው፤ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ድራማችን ላይ አንድ ጉረኛ ጎረምሳ በስፖርት መኪና ይመጣል። በቀደም የሚኒባስ ድምፅ አስገብቼ አድማጩ ሁሉ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ስትነሳ ልቅዳት ብዬ ባለቤቱን እየጠበቅኩ ነበር።»

«ባለቤቱን?»

«ባለቤቷን» ብሎ አረመና አንገቱን ደፋ።

ሞተሩን አስነሳችለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ወንዶች መኪናዋን ሲያዩ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፤ «የባልሽ ናት?» ይሏታል። እሱ ግን ማዳመጫውን አወለቀና፣ «ሲነዷት ምን ይሰማዎታል?» አላት።

ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር። ሞተሩን አጠፋች።

«አንቺ በለኝ» አለችው። «መልሱን ደግሞ አስቤበት ልንገርህ።»

መልሱን ልትነግረው ተቀጣጠሩ፤ ሲገናኙ ግን ወሬያቸው ሌላ ሌላ ሆነ። እንደገና ተቀጣጠሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስልኳ ሲጠራ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ የምታነሳበት ጊዜ መጣ። በመኪናዋ ስትወስደው ቀበቶውን አጥብቆ ያስራል፤ መንገዱን ትቶ እሷን ብቻ ያያል። ፍቅር ነው ብላ ደስ ይላታል። ፍቅርም ነበር፤ ሌላ ነገር እንዳለበት ግን አላወቀችም።

ስለ ጋብቻ ማውራት የጀመሩ ሰሞን፣ ሐይቁ ዳር መኪናዋን አቁማ ውሃውን ሲያዩ፣ እሱ እንዲህ አለ።

«ይቺን መኪና ብትሸጫትስ?»

እስኪስቅ ጠበቀችው። አልሳቀም።

«እናቴ ናት እንዲህ በላት ያለችህ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ታፍርብኛለህ? ሚስቱ በስፖርት መኪና ትከንፋለች እንዳይሉህ?»

በሩን ከፍቶ ወረደና በእግሩ ሄደ። እሷም አልጠራችውም።

ከዚያ በኋላ እሱም አልደወለ፣ እሷም አልደወለች። አንድ ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ሬዲዮ ከፈተች። ድራማው እየተላለፈ ነበር፤ የገዛ መኪናዋ ሞተር ሲነሳ ሰማች። ሬዲዮውን ዘግታ፣ መንገድ ዳር አቁማ አለቀሰች።

ብዙም ሳይቆይ፣ ጠዋት ላይ አንዲት ደልደል ያለች ሴት ወደ ክሊኒኩ ገብታ የሕክምና ወንበሩ ላይ ጋደም አለች። ሐኪሟ ጥርሶቿን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ጤነኛ ናቸው።

«የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

«አንዱም አያመኝ። አንቺን ልይ ብዬ ነው ተራ ይዤ የመጣሁት» አለች ሴትየዋ። «የዚያ የባለ ማይክሮፎኑ ታላቅ እህት ነኝ። እህል አይቀምስ፣ ሰው አያናግር፤ አንጀቴን በላው እኮ!»

«መኪናሽን ሽጪ ያለኝ እሱ ነው።»

«ለምን እንደሆነስ ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም» አለች ሐኪሟ። ሴትየዋ ደረቷ ላይ የታሰረላትን መሐረብ እንዳደረገች ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ታናሽ ወንድም ነበረን። ከእሱ ጋር አንድ መኪና ውስጥ እያሉ ተገለበጡ። እሱ ተረፈ፤ ታናሻችን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። አንቺ አጠገብ መቀመጡን የሰማሁ ዕለት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እህቴ።»

ሐኪሟ የአፍ መሸፈኛዋን አወለቀች። እንባዋ ወረደ።

«በይ አሁን» አለች ሴትየዋ ተመልሳ ጋደም እያለች፣ «ከመጣሁ አይቀር ጥርሴን እጠቢልኝ።»

ሐኪሟ ለምሳ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደች። እሱ በጠባቧ ስቱዲዮ ውስጥ ትሪ ላይ ሩዝ እያንከባለለ የዝናብ ድምፅ ይሠራ ነበር። ሲያያት ዝናቡ ቆመ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ለእኔ ብለሽ ቀስ ብለሽ ትነጂ ነበር። ከዚያ ኩርባ ስትወጪ የምትስቂውን ሳቅ እንዳላጠፋብሽ ፈራሁ። በኋላ ግን ፍርሃቱ በረታብኝ። በወጣሽ ቁጥር የማትመለሺ እየመሰለኝ... ሽጫት አልኩሽ። አጥፍቻለሁ።»

ሩዝ የተጣበቀበትን እጁን ያዘችው።

«እሷን አልሸጣትም።»

«አትሽጫት።»

«አንተንም አልተውህም።»

«ሁለቱ እንዴት ይሆናል?»

«እኔ ልንገርህ» አለች። «ራስህ ትነዳታለህ።»

እሁድ ጠዋት አንድ ሰፊ ባዶ ሜዳ ይዛው ሄደች። መሪውን ለቀቀችለትና በመኪናዋ ተሳፋሪ ሆና ተቀመጠች። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናዋ ተንገጫግጫ ጠፋች። እንደገና አስነሳ፤ እንደገና ጠፋች። በስንት መከራ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። እሷ ደግሞ በሌለ ፍሬን ላይ እግሯን ትጫናለች። በሜዳው ዳር ሶምሶማ የሚሮጡ አንድ ሽማግሌ አልፈዋቸው ሲሄዱ፣ ዞር ብለው «አይዟችሁ!» አሏቸው።

ሳቃቸው ሊቆም አልቻለም። የትከሻው ውጥረት ሲላላ አየች።

«አሁን ልጠይቅሽ?» አላት ዓይኑን ከፊት ሳያነሳ።

«መጀመሪያ አቁምና ጠይቀኝ።»

«ካቆምኩ ድፍረቴም ይቆማል። ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ፤ አጥሩ ደረሰ፣ ፍሬን ያዝ!»

በሁለት እግሩ ረገጠው። መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ቆመች፤ ሞተሩ ጠፋ። በፀጥታው ውስጥ የሁለቱም ትንፋሽ ይሰማል። እጆቹ አሁንም መሪው ላይ እንደተጣበቁ ናቸው። ሐኪሟ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመሪው አላቀቀችና፣ መዳፉን ወደ ከንፈሯ ወሰደችው።