በአደፍ እጅ የመጣ ጠርሙስ

«ጉንዳን፣ የተከተለሽ ሰው አለ?»

«ሁለት።»

«እንዳትዞሪ። ዕቃውን ስጪኝ።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የቦጎታው የፓሎኬማኦ ገበያ በአበባ ተሸካሚ ተጨናንቋል። ኤርሜሊንዳ የጽዳት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ሦስት ወር ሙሉ የዊልማርን የፈውስ ቤት ወለል ስትወለውል፣ እሱ፣ ጫካ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ላባ ደፍቶ ያሄ የተባለውን የጫካ መድኃኒት ለከተሜው ሲያጠጣ አየች። ግድግዳው ላይ የያሄ ባለቤት የሆነው የኢንጋ ነገድ ሽማግሌዎች ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ ተሰቅሏል። አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚያ ቤት አእምሮዋን ስታ ወጥታ እስከ ዛሬ አልተመለሰላትም። መጠጡ አስተናግር እንደተቀላቀለበት የሚመሰክረው ይህ ጠርሙስ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ፈቃዱን ሊያድሱ ይቀመጣሉ።

ተቀባዩ፣ እሷ በምስጢር ስሟ «ጉንዳን» እንደምትባል «በቀቀን» የሚሉት፣ የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ ሊሲማኮ ነው። የአገሯ ልጅ።

አንድ ነገር ግን ልትደብቀው አልቻለችም። «ወንድም ዓለም፣ ዛሬ ሲነጋጋ የወር አበባዬ መጣብኝ። ጠርሙሱን የማገኘው ደግሞ ዛሬ ብቻ ነበር። መሬት ላስቀምጥልህና በጨርቅ አንሳው።»

አደፍ ላይ ያለች ሴት ያሄ አጠገብ አትደርስም። የነካችውን ነገር የኢንጋ ወንድ፣ ሰካራሙ እንኳ ሳይቀር፣ በባዶ እጁ አይነካም።

«የአሮጊት ወግ አሁን ነው እንዴ የምታወሪኝ? አምጪው ወዲህ።»

ነጠቃት።

በባዶ እጁ።

ክው አለች። ለሽማግሌዎቹ የሚያደርሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይደፍርም ነበር። ቀና ስትል፣ ለሁለቱ ሰዎች በአገጩ ሲጠቁማቸው አየችው።

ለዊልማር ሸጧታል።

ሮጠች። በጽጌረዳ ክምር መሃል፣ በዓሣ ሻጮቹ በኩል፣ እየተንሸራተተች። አንደኛው የሽርጧን ማሰሪያ ያዘ፤ ሽርጡን ጥላለት ሾለከች። አንድ ቀይ አውቶቡስ ውስጥ ገብታ ብብቷን ዳሰሰች። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? ፍርሃቷ ጠዋት መጠጡን ለሁለት አስከፍሏታል። ግማሹ በሻምፖ ጠርሙስ ሆኖ ብብቷ ውስጥ ነው።

ከስብሰባው ስትደርስ ሊሲማኮ ቀድሟት ተቀምጧል። እንዳያት ፊቱ አመድ መሰለ። የሻምፖውን ጠርሙስ ወለሉ ላይ አኖረች። ታይታ ኬሩቢን፣ «ታይታ» አባ እንደ ማለት ነው፣ ሰባት ዓመት የያሄ አፈላል ያስተማሯት አዛውንት፣ ሊያነሱት ጎንበስ አሉ።

«እንዳይነኩት፣ ታይታ» አለ ሊሲማኮ። «አደፍ ላይ ናት።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ጠዋት ራሷ ነገረች…»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እሷ ከመግባቷ በፊት ዛሬ በዓይኔም አላየኋት ብሎ ምሎላቸው ነበር። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ቆመበት።

ታይታ ኬሩቢን ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ እውነቱን ነው?»

ከሁለቱ ሰዎች ይልቅ ይህ ጥያቄ አስፈራት። አዎ ካለች የሰባት ዓመት ትምህርቷ ገደል ገባ። አይደለም ካለች ደግሞ ሳያውቁ ይቀምሱታል።

«እውነት ነው፣ ታይታ። አይቅመሱት።»

ቀመሱት።

እሳቸውም ፈርተዋል። ወዲያው ተፉት። «አስተናግር ነው» አሉና ሊታደስ የቀረበውን የዊልማርን ፈቃድ ሁለት ቦታ ቀደዱት።

ከዚያ በዝግታ፣ «ከእንግዲህ ያሄ የሚፈላበት ቤት አትመጪም። ሕጉን ታውቂያለሽ» አሏት።

«እርስዎስ ቀመሱት አይደል፣ ታይታ?»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ» አሉ። ዓይኗን ግን አላዩም።

እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወጣች፤ ምሳ ሊበላ ከሚጣደፈው ሰው ጋር ተቀላቀለች። በዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ስሟ የለም። «ጠርሙሱን ያመጣችው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት» ነው የሚለው።