ወደ ግራ የሚዞረው ሌንስ

ሣጥኑ አለ። ሌንሱ የለም።

ገምጋሚዋ ክዳኑን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋች። የምትሠራበት የዱር አራዊት መጽሔት ሩቅ አቅራቢውን ሌንስ ከአስመጪው የተቀበለው ለግምገማ፣ በአደራ ነው። የፈረመችው እሷ ናት። አለቃዋም አልሸነገላት፦ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተገኘ ሥራሽን እርሺው።»

መርማሪው መጣ። የሣጥኑ ቁልፍ የሚቀመጥበትን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ አንጋፋው ፎቶ አንሺና ምድር ቤት ያለው ካሜራ ጠጋኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ ቅዳሜ ከባድ ፌስታል ይዘው ሲወጡ ታይተዋል።

«ምን ነበረበት፣ እትዬ?»

«የናንተው መጽሔት ነዋ! ለመስኮት መወልወያ። ሌላ ለምን ይሆነኛል?»

ገምጋሚዋ መቀመጥ አቃታት። ስትንጎራደድ ድንገት ቆመች፤ መርማሪውንም ወደ ጥግ ሳበችው።

«አስመጪው ሌላ እንዲህ ያለ ሌንስ አለው፤ ያስመጡልኝ። የኛ ሌንሶች ሁሉ ለማቅረብ ቀለበታቸው ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፣ የዚህ ብቻ ወደ ግራ። እኔ ራሴ ሁለት ቀን ሙሉ ተሳስቻለሁ። ለማንም አላሳየሁም፣ አልተናገርኩም።»

ሌንሱ መጣ። መርማሪው ሦስቱን ለየብቻ እየጠራ፣ በመስኮቱ ማዶ፣ ኩሬው ዳር የቆመችውን ሽመላ አሳየ። «ያቅርቡልኝ።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ቀለበቱን ከነጭራሹ አላገኙትም። አንጋፋው ወደ ቀኝ አዞረ፤ ሽመላዋ ራቀችበት። «ምን ዓይነት ግራ የገባው ዕቃ ነው!» ብሎ ተቆጣ።

የቀረው ጠጋኙ ነው። ገምጋሚዋ «ወንድምዓለም» ነው የምትለው።

«እኔ ሌንሱን በዐይኔም አላየሁት» አለ፣ እየተቀበለ። ጣቱ ሳያመነታ ወደ ግራ ሄደ። «ጥርት አድርጎ ያመጣል።»

«ወደ ግራ መሆኑን ማን ነገረህ?» አለ መርማሪው።

ጠጋኙ እጁን አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ባለፈው ግምገማሽ፣ እኔ ስለጠገንኩት ሌንስ ‹ብዥታው የጥገና ጉድለት ነው› ብለሽ ጻፍሽ፤» አላት። «ከዚያ ወዲህ ሱቄን የረገጠ ሰው የለም። ቅዳሜ ወሰድኩት። ቀኑን ሙሉ ወፍ ሳነሳበት ዋልኩ፤ እሑድ ፈታሁት። ገጥሜ ፊትሽ ላስቀምጠው ነበር፣ የእጄን ሙያ እንድታዪ።»

«ታዲያ እኔ ስባረር ዝም ልትል ነበር?» ተናዳለች፤ አሳዝኗታልም።

«መልሼ መግጠም አቃተኝ» አለ። «እውነትሽን እንደነበር ከምነግርሽ፣ ብትባረሪ ይሻለኝ ነበር።»