ፕሮሰሰሩ የቆመበት በር

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። የሞተ ሰው ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አለፈብኝ፣ በሕልሜ ተነገረኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ «እራት ሳትበላ ተኝተህ ነው» ብዬ የማልፍ ሰው ነኝ፣ እናቴ እንኳን ልብሽ ደንዳና ነው ትለኛለች። አሁንም ቢሆን አምናለሁ አላልኩም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ፣ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው፣ ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ።

ሂሩት እባላለሁ፣ አራት ኪሎ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤት አለችኝ። ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው፣ ስምንት አባወራ አንድ ቧንቧ በሚቀዳበት ግቢ። ሰፈሩ ሲነሳ ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተንን፣ እኔና እናቴ ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰን። አንድ ላይ ያስቀረን ነገር ቢኖር እድራችን ብቻ ነበር፣ እሱም ሊፈርስ ሆነ። ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ «ሰዉ ተበትኗል፣ ድንኳኑም ተቀዷል፣ ያለንን ተከፋፍለን በሰላም እንለያይ» ብለው እሑድ ጠዋት ስብሰባ ጠሩ።

እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልዋጥ አላት። «ልጄ፣ እዚህ ፎቅ ላይ ብሞት ጎረቤቴ ስሜን እንኳን አያውቅም፣ ማን ቆሞ ይቀብረኛል?» አለችኝ። እኔ ቀባሪ ልሆናት አልችልም፣ አንድ ሰው ለብቻው ድንኳን አይተክልም።

እንግዲህ ያን ሰሞን በኮምፒውተር ቤት መሥራት እየተማርኩ ነበር፣ አርክቴክቶች ያልተሠራ ሕንፃ እንደተሠራ አስመስለው የሚያሳዩበትን ማለቴ ነው። ያልተሠራ ካሳየ የፈረሰስ ለምን አያሳይም ብዬ ግቢያችንን መሥራት ጀመርኩ። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ሳምንት ያነሳኋቸውን ፎቶዎች እያየሁ ቆርቆሮውን፣ ቧንቧውን፣ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ሳይቀር አንድ በአንድ ገጠምኩ። ሐሳቤ ከበሩ ገብቶ በየቤቱ ደጅ የሚያልፍ የአንድ ደቂቃ ተኩል ፊልም ሠርቼ ስብሰባው ሳይጀመር ማሳየት ነበር፣ ሰዉ ግቢውን ካየ ልቡ ይራራል ብዬ።

ለእናቴ ጅምሩን ሳሳያት አንድ በር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«የይማም በር ለምን ተዘጋ?»

«ፎቶው ላይ ዝግ ነው፣ እማዬ።»

«ፎቶው ምን ያውቃል? ይማም በቀን በሩን ዘግቶ አያውቅም። አስተካክይው።»

እውነቷን ነው። በግቢያችን በቀን የተዘጋ በር ካየን አንኳኩተን «ሰላም ነው?» ሳንል አናልፍም ነበር። ጋሽ ይማም የወሎ ሰው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ በሩን ከፍተው ያችን በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይውላሉ። እኛን ልጆቹን ግን ከደፉ አያሳልፉንም፣ «መርፌ ይወጋችኋል» ይላሉ፣ ስለዚህ ውስጡን አይቼው አላውቅም። ሰፈሩ ሊነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረው አረፉ፣ ድንኳኑም የተቀደደው በእሳቸው ለቅሶ ላይ ነው፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጥቶ ከጥግ እስከ መሐሉ ተረተረው። እኔ ፎቶ ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ በሩ ተዘግቶ። ለእናቴ «ጊዜ የለኝም፣ ውስጡንም አላውቀውም» ብዬ እንደተዘጋ ተውኩት።

ጊዜ የለኝም ያልኩት ለማምለጥ አይደለም። ፊልሙ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ምስል ነው፣ የኔ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ አንዱን ምስል ለመሣል አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሳሰላው ከሰባት ቀን በላይ ወጣ፣ ስብሰባው ሦስት ቀን ቀርቶታል። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት የሚታሰብ ስላልነበረ ሲፒዩውን፣ የብረት ሳጥኑን ማለቴ ነው፣ ተሸክሜ ፒያሳ ሰሚር ጋ ሄድኩ። ሰሚር አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ የሞቱ ኮምፒውተሮችን እየፈታ የሚኖር ጓደኛዬ ነው፣ የማይሞት ነገር የለም፣ የማይጠቅም ሬሳም የለም ይላል።

«አዲስ ማን ግዢ አለሽ?» አለኝ ክዳኑን እየፈታ። «ይቺ ማዘርቦርድ የምትቀበለውን ትልቁን ፕሮሰሰር ከአንድ ከሞተ ኮምፒውተር ነቅዬ አስቀምጫለሁ። እሱን እናስገባና ትንሽ እናስጋልበዋለን።»

ማስጋለብ የሚለው ኦቨርክሎክ ማድረግን ነው፣ ፋብሪካው ከመደበለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ። መጀመሪያ ባዮሱን፣ ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ አደሰ፣ የድሮውን ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን አንጎል ማለት ነው፣ ነቅሎ ሌላውን አስቀመጠ፣ በላዩ ላይ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ጠብ አደረገ። «ባለፈው አንዱ ይቺን ለመቆጠብ የጥርስ ሳሙና ቀብቶ መጣ፣ ፕሮሰሰሩ ሚንት ሚንት እየሸተተ ሞተ» አለኝ። ማቀዝቀዣውንም ከሌላ ሬሳ አመጣለት። ከዚያ ፍጥነቱን አንድ አንድ ደረጃ እየጨመረ ይፈትነዋል፣ ደርቆ ሲቆምበት አንድ ደረጃ ይመልሰዋል፣ በመጨረሻ ሙቀቱ ሰማንያ ሁለት ዲግሪ ላይ ተረጋጋ። ምስሉ በአርባ አምስት ሰከንድ መሣል ጀመረ።

«ከዚህ በላይ እንዳትነኪው፣ ይጠበስብሻል» ብሎ ሸኘኝ።

ዓርብ ጠዋት ሱቄ ውስጥ የጎን ክዳኑን አውልቄ፣ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ደግኜበት አስጀመርኩት። ትንሽ እንደሠራ ከውስጡ ትክ ትክ ትክ የሚል ድምፅ መጣ። ሽቦ ፋኑን እየነካ ነው ብዬ ሽቦዎቹን ሁሉ በላስቲክ አሰርኩ፣ ድምፁ አልቆመም። ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ትንሽ ያርፍና ይቀጥላል። ፋን እንዲህ አያርፍም፣ ይህን ያኔም አውቄዋለሁ፣ ግን ደንበኛ ነበረብኝና ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ኮምፒውተሩ 1407ኛው ምስል ላይ ቆሟል። ድምፁም የለም። እንደገና አስነሳሁት፣ እዚያው ላይ ቆመ። ለሰሚር ደወልኩ፣ ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው መልሺው አለኝ፣ መለስኩት፣ እዚያው ቆመ። «እንግዲያው ፍጥነቱን እንደነበረ አድርጊና ዝለይው፣ የቀረውን አሥሪ» አለኝ። እየዘለልኩ ስሞክር ስልሳ ምስል እንቢ ብሎኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ። እንቢ ያለኝ ስልሳ ምስል የቱ መሰላችሁ? የጋሽ ይማም በር የሚታይበት ነው።

ቆርጬ ልተወው ግን አልቻልኩም፣ ስምንት ቤት ካለበት ግቢ አንዱን ዘልዬ ለማን አሳያለሁ? ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የቀረው ሁሉ አልቆ ያ ስልሳ ብቻ ቀረ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ብቻዬን ተቀመጥኩ፣ ውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ፀሐይዋ ባንኮኒዬ ላይ ተኝታለች። ተናደድኩ መሰለኝ፣ ሰሚር አትንኪው ካለው ሁለት ደረጃ አሳልፌ ፍጥነቱን ጨመርኩት። ከዚያ፣ አትሳቁብኝ፣ «ጋሽ ይማም፣ እናቴ ቀባሪ እንዳታጣ ነው፣ እባክዎ ይተባበሩኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለብረት ሳጥን።

ትክ ትክ ትክ አለ።

ምስሎቹ ማለፍ ጀመሩ። ዓይኔ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው፣ ዘጠና አምስት ይደርሳል ብዬ እጄን ማጥፊያው ላይ አድርጌያለሁ፣ እመኑኝ፣ ቁጥሩ ወረደ። ሰባ፣ ስልሳ፣ ሃምሳ አንድ። እንዲህ የሚባል ነገር የለም፣ ሰሚርን ጠይቁት። ስልሳው ምስል ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ፣ ፊልሙ ተገጣጠመ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጬ እንደነቀልኩ መብራት ሄደ። ስለዚህ የሠራሁትን ሳላየው ነው እሑድ ጠዋት ይዤው የሄድኩት።

የተሰበሰብነው ፒያሳ፣ አንድ ትምህርት ቤት በለመንነው ክፍል ውስጥ ነው። የተዋስኩትን ፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራሁ። የግቢው በር ተከፈተ፣ ቧንቧው መጣ፣ ሰዉ «ውይ፣ ቤቴ» እያለ መሣቅ ጀመረ፣ ያለቀሰም ነበር። የጋሽ ይማም ደጅ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ካለበት ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ይታያል። የእግር መኪናው አለ፣ ከጀርባው አረንጓዴ ሣጥን አለ፣ መርፌው ሥር ደግሞ ሰማያዊ መስመር ያለው ወፍራም ነጭ ሸራ ተዘርግቷል። ሰው የለም።

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ሣጥኑን ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ልብስ ስለካ የምቀመጠው እሱ ላይ ነበር» አለች።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው ግድግዳው አጠገብ ቆመዋል። «ይህ ሸራ የእኛ ድንኳን ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ማንንም ሳያዩ ወጡ፣ እኛም ተከተልናቸው። የእድሩ ዕቃ የሚቀመጠው እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለች ቆርቆሮ መጋዘን ነው፣ ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው። ድንኳኑን አውጥተን ሣሩ ላይ ዘረጋነው። ከጥግ እስከ መሐሉ ተሰፍቷል፣ በድርብ ስፌት፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ።

«እኔ ራሴ ነኝ እንደተቀደደ አጥፌ ያስገባሁት» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ቁልፉም ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ቀና ብላ «እንግዲህ የተሰፋ ድንኳን አይከፋፈልም» አለች። ጋሽ ታደሰ የሚቀጥለውን ወር ስብሰባ ቀን ነገሩን። እድሩ አልፈረሰም። እናቴ ያን ቀን ቤት ገብታ ጥርግ አድርጋ በላች፣ እኔም ስበላ እንባዬ መጣ።

ሰኞ ግቢውን የሠራሁበትን ፋይል ከፈትኩት። እኔ የሠራሁት በር አሁንም ዝግ ነው፣ ከኋላውም ምንም የለም፣ ባዶ ነው። ለሰሚር ስነግረው አንድ ሰው ድንኳኑን አሰፍቶት ይሆናል፣ ኮምፒውተሩም የሙቀት መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል አለኝ፣ ሣጥኑንስ ስለው ግን ብሎን መፍታቱን ቀጠለ። ፕሮሰሰሩን በተሻለ ልቀይርልሽ ቢለኝ እንቢ አልኩት።

አሁን ለአርክቴክቶች እሠራለሁ፣ እንጀራዬ በዚያችው ኮምፒውተር ነው፣ ተመስገን። ሥራ በበዛባት ቁጥር ትክ ትክ ትላለች፣ ስታርፍም ጋሽ ይማም ክር እየቀየሩ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። ብቻ አንድ ነገር አለ፣ ድንኳኑ ተሰፍቶ አልቋል። አሁን ምን እየተሰፋ እንደሆነ አላውቅም።